ሊዮን ቢን፦ ጎማንና ቆዳን ያጋጠመው አዳኝ

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ጫፍ፣ ከካናዳ ጋር በምትዋሰነው የሜይን ግዛት፣ አዳኞች አጋዘን ፍለጋ ወደ ደን የሚገቡት ቅጠል ረግፎ የበረዶው ወራት ሊገባ ሲል ነው። በዚያ ወቅት የደኑ መሬት አንድ መልክ የለውም። ማለዳ በስስ በረዶ የተሸፈነው መንገድ እኩለ ቀን ላይ ቀልጦ ጭቃ ይሆናል፤ ከኮረብታው ግርጌ ረግረግ ተንጣሎ ይገኛል፤ ከረግረጉ ማዶ ደግሞ የዛፍ ሥርና ድንጋይ የተቀላቀለበት አቀበት ይጀምራል። አዳኙ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን የሚያቋርጠው በአንድ ጥንድ ጫማ ነው። ጫማው ከባድ ከሆነ ጉልበቱን ያሟጥጠዋል፤ ውኃ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ እግሩን ያደነዝዘዋል፤ ብርዱ ሲጠና ሥጋውን እስከ መጉዳት ይደርሳል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ በመፈለጉ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሳው ሊዮን ሊዮንውድ ቢን ነው። ይሁን እንጂ ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ጫማ አልተሳካለትም። የቢን ታሪክ ሊነገር የሚገባው ጫማ በመሥራቱ ብቻ ሳይሆን፣ የሠራው ጫማ በሰው እግር ላይ ሲፈርስ በወሰደው እርምጃ ጭምር ነው።

ቢን እ.ኤ.አ. በ1872 ግሪንውድ በተባለች የሜይን ገጠር ተወለደ። ከቤንጃሚን ቢንና ከሣራ ስዌት ስድስት ልጆች አንዱ ነበር። የተወለደበት አገር ኮረብታማና ደን የበዛበት በመሆኑ፣ የአካባቢው ልጆች ከእርሻ ሥራ ጎን ለጎን ወጥመድ ማጥመድንና አደንን የሚማሩት ገና በጨቅላነታቸው ነበር። እርሱም እንደ እኩዮቹ በደን ውስጥ አደገ።

ዕድሜው 12 ዓመት ሲሆን ቤቱ ላይ ከባድ ሐዘን ወደቀ፤ አባቱና እናቱ በአራት ቀናት ልዩነት ብቻ ተከታትለው አረፉ። ቤተሰቡ ተበተነ፤ ትንሹ ሊዮንም ሳውዝ ፓሪስ ወደምትባለው የሜይን ከተማ ተወስዶ በዘመድ ቤት ኑሮውን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ የራሱን ወጪ የሚሸፍነው ራሱ ነበር። በ13 ዓመቱ የመጀመሪያውን አጋዘን ገደለ፤ ያደነውንም ምንም ሳይቀናቸው ለሚመለሱ አዳኞች በ12 ዶላር ሸጠው። ያ ገንዘብ በዘመኑ ለአንድ ልጅ ትልቅ ሀብት ነበር። ከደን የሚገኝ ነገር ወደ ገንዘብ ሊለወጥ እንደሚችልም ያን ጊዜ ተረዳ።

በወጣትነቱ በኬንትስ ሂልና በሂብሮን ትምህርት ቤቶች ተምሯል። ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ያገኝ የነበረው ሳሙና ተሸክሞ ከቤት ቤት እየዞረ በመሸጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በሱቅ ሠራተኛነት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1898 የፍሪፖርት ከተማ ተወላጅ የሆነችውን በርታ ፖርተርን አገባና ሦስት ልጆች አፈራ። ከወንድሙ ጋር ልብስና ጫማ በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ እየሠራ፣ ዕድሜው ወደ 40 ሲጠጋ በአገሬው ዘንድ የሚታወቀው እንደ አንድ ተራ ነጋዴ ነበር። ሀብትም ዝናም አልነበረውም። ከሌላው ነጋዴ የሚለየው አንድ ነገር ቢኖር፣ የአደን ወቅት በደረሰ ቁጥር ሱቁን ትቶ ወደ ደን መሄዱ ነው።

በዚያ ዘመን የሜይን አዳኝ ሁለት ዓይነት ጫማ ነበር የሚያገኘው። አንደኛው ከእግር እስከ ቅልጥም የሚደርስ የቆዳ ቡትስ ነው። ቆዳ ለእግር ይመቻል፤ የእግርን ቅርጽ ይዞ ይለምዳል፤ ላብንም በመጠኑ ያስወጣል። ነገር ግን በረግረግና በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ለሰዓታት ሲነከር ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ የጠጣ ቆዳም ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፤ በእሳት ዳር ቢያደርቁት ደግሞ ይጠነክርና ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ከጎማ የተሠራ ጫማ ነው። ጎማ ውኃ አያስገባም፤ ነገር ግን ላብም አያስወጣም። ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ ስለማይዝ ዳገትና ቁልቁለት ላይ እግር ይዋልላል፤ ረጅም መንገድ ሲሄዱበትም ተረከዝን ይልጣል። እንግዲህ አዳኙ ከሁለቱ ጉዳቶች አንዱን መርጦ መግባት ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ1911 ቢን እንደ ልማዱ ከአደን ሲመለስ እግሩ ረጥቦ፣ ቆስሎና ዝሎ ነበር። በሱቁ ውስጥ ጫማ ላይ የሚደረቡ የጎማ ጫማዎች ነበሩ። የእርሱ ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ውኃ የሚነካው የእግር ክፍል ከታች እስከ ቁርጭምጭሚት ስለሆነ ያ ክፍል ጎማ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ያለው፣ ጫማ ሰፊዎች ቶማያ የሚሉት ክፍል፣ ቀላልና ለስላሳ ቆዳ ይሁን። ራሱ ጫማ መስፋት ስለማይችል በከተማው ወደሚገኝ ጫማ ሰፊ ሄዶ ሁለቱን በአንድነት አሰፋ። ጫማውን ለብሶ ደን ገባ፤ እግሩም ደረቅ ሆኖ ተመለሰ። ለወዳጆቹ ሰጥቶ አስሞከረ፤ እነርሱም ወደዱት። የሜይን የአደን ጫማ ተብሎ የሚታወቀው ጫማ የተወለደው በዚህ ዓይነት ነው።

በ1912 ቢን ንግዱን ከፍሪፖርት ውጪ ለማስፋት አሰበ። ከሌሎች ግዛቶች መጥተው በሜይን የአደን ፈቃድ ያወጡ ሰዎች የስም ዝርዝር አገኘ። እነዚህ ሰዎች ለአደን ገንዘብ የሚያወጡ፣ የሜይንን ረግረግ ግን በደንብ የማያውቁ ነበሩ። ባለ ሦስት ገጽ ማስታወቂያ አሳትሞ በፖስታ ላከላቸው። በማስታወቂያው ላይ እግሩ በሚገባ ያልተጫማ ሰው አደኑ እንደማይሳካለት ካስረዳ በኋላ፣ ጫማው ቀላልና ጠንካራ መሆኑን ገልጦ፣ ገዢው በማንኛውም ረገድ ካልረካ ገንዘቡ እንደሚመለስለት ቃል ገባ። የአንድ ጥንድ ዋጋ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ትእዛዙም መጣ፤ 100 ጥንድ ጫማ ተሰፍቶ ተላከ።

ብዙም ሳይቆይ ጫማዎቹ መመለስ ጀመሩ። ከ100 ጥንድ 90ው ተመልሰው መጡ። ችግሩ ያለው ቆዳውና ጎማው በሚገናኙበት ስፌት ላይ ነበር። ጎማው ስስና ደካማ ስለነበረ፣ ሰው በተራመደ ቁጥር ጫማው ሲታጠፍ ክሩ ጎማውን እየቀደደ ከቆዳው ለየው። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሳምንት አደን የበቃ ስፌት፣ መቶ የተለያዩ ሰዎች በመቶ የተለያየ አረማመድና ክብደት ሲረግጡት አልቻለም። ቢንና ወዳጆቹ ያደረጉት ሙከራ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን በቂ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ቢን የ40 ዓመት ሰው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት አባወራ ነበር። ገዢዎቹ የሚኖሩት በሩቅ ግዛቶች ሲሆን፣ አብዛኞቹን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። ስፌቱ የተቀደደው በአያያዝ ጉድለት ነው ብሎ መከራከር፣ ወይም ጠግኖ መልሶ መላክ፣ ወይም ዝም ማለት ይችል ነበር። እርሱ ግን የሁሉንም ገንዘብ መለሰ። ይህ ውሳኔ ያለውን ጥሪት አሟጦ ለዕዳ ዳረገው። ከዚያም ሌላ ሰው ንግዱን ዘግቶ በሚተውበት ጊዜ እርሱ ተጨማሪ ገንዘብ ተበደረ።

በተበደረው ገንዘብ ወደ ቦስተን ከተማ ተጉዞ ዩናይትድ ስቴትስ ራበር የተባለውን የጎማ ኩባንያ አነጋገረ። የጠየቀው ተራ የጎማ ጫማ ሳይሆን፣ በተለይ ለስፌት እንዲመች ሆኖ የተሠራ፣ ቀላል ግን ክሩን አጥብቆ ሊይዝ የሚችል የታች ክፍል ነበር። አዲሱ የታች ክፍል ተሠርቶ ሲመጣ ጫማው እንደገና ተሰፋ፤ አዲስ ማስታወቂያም ተላከ። በዚህኛው ዙር ስፌቱ ጸና። ገንዘባቸው ሳይጉላላ የተመለሰላቸው ሰዎችም ለሌሎች አዳኞች ስለ ቢን መልካም ነገር የሚያወሩ ሆኑ።

ጫማው ለምን ተወዳጅ እንደሆነ ለመረዳት የክብደትን ጉዳይ ማየት ይጠቅማል። አንድ ሰው በእርምጃ 75 ሴንቲ ሜትር ቢራመድ፣ በቀን 15 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 20,000 ጊዜ እግሩን ያነሳል። እያንዳንዱ ጫማ በ200 ግራም ብቻ ቢከብድ፣ በቀኑ መጨረሻ እግሮቹ ያለ ጥቅም አራት ቶን ያህል ተጨማሪ ክብደት አንሥተዋል ማለት ነው። ቢን ከከባዱ የቆዳ ቡትስ ይልቅ ቀላሉን የመረጠው ይህን ድካም በራሱ ጉልበት ስለሚያውቀው ነው። ጫማው በተለያየ ቁመት ይቀርብ ስለነበር፣ ጥልቅ በረዶና ረግረግ የሚያቋርጥ ሰው ረጅሙን፣ ብዙ የሚራመድ ደግሞ አጭሩን መምረጥ ይችል ነበር። ቁመት በጨመረ ቁጥር ውኃና በረዶ የመግባቱ ዕድል ይቀንሳል፤ ክብደቱና የቅልጥም ድካም ግን ይጨምራል።

እንዲህ ያለውን ጫማ የሚገዛ ሰው ሊያስተውላቸው የሚገቡ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ጎማ በራሱ አያሞቅም፤ የሚያሞቀው በውስጡ የሚደረገው የሱፍ ካልሲና ወፍራም የውስጥ ንጣፍ ነው። ስለዚህ ጫማው የሚለካው በደን ውስጥ በሚደረገው ካልሲ እንጂ በስስ የከተማ ካልሲ መሆን የለበትም። ጣቶች የሚላወሱበት ቦታ ካጡ ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፤ እግርም ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጎማው ላብን ስለማያስወጣ የውስጥ ንጣፉን ማታ ማታ አውጥቶ ማድረቅ፣ ደረቅ ካልሲ መቀየር ግድ ነው። ቆዳው በየጊዜው ቅባት ካልተቀባ ይደርቃል፤ ከእሳት አጠገብ ከተቀመጠ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ጎማውም ይጎዳል። ከሁሉም በላይ መመርመር ያለበት ሁለቱ የሚጋጠሙበት ስፌት ነው፤ የቢን የመጀመሪያዎቹ 90 ጥንድ ጫማዎች የተሸነፉት እዚያ ላይ ነበርና።

ጫማው ለሁሉም መሬት የሚሆን አልነበረም። የተሠራው ለእርጥብ ደን፣ ለረግረግና ለበረዶ ነው። ስለታም ድንጋይ በበዛበት ተራራ ላይ ለስላሳው የጎማ ሶል እግርን ከድንጋዩ ጉርብጥ በበቂ አይጠብቅም፤ ቁልቁለት ላይም ጠንካራ የቆዳ ቡትስ የሚሰጠውን ድጋፍ አይሰጥም። ለተራራ የሚሆነው መልስ የመጣው ከሌላ አገርና ከሌላ ሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በአልፕስ ተራሮች ላይ ስድስት ጣሊያናውያን ከሞቱ በኋላ፣ የእነርሱ ወዳጅ የነበረው ተራራ ወጪው ቪታሌ ብራማኒ ለአደጋው አንዱ ምክንያት የማይመጥን ጫማ እንደሆነ በማመን፣ ድንጋይንና በረዶን የሚቆነጥጥ ጥልቅ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ሠራ። ዛሬ ቪብራም በሚል ስም የሚታወቀው እርሱ ነው። ለሞቃትና ለደረቅ አሸዋ ደግሞ ሌላ ጥበብ አስፈለገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በግብፅ በረሃ የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች በካይሮ ገበያ የሚያሰፉት፣ ከለስላሳ ቆዳና ከቀላል የጎማ ሶል የተሠራ አጭር ጫማ፣ በኋላ ናታን ክላርክ ለተባለው እንግሊዛዊ ጫማ ሠሪ የበረሃ ጫማ ንድፍ መነሻ ሆኗል። የቢን ጫማ ካይሮ ላይ ከንቱ ነው፤ የካይሮውም ጫማ በሜይን ረግረግ አንድ ሰዓት አይቆይም። መሬቱን ሳያውቁ ጫማ መምረጥ አይቻልም።

የቢን ንግድ እንዲያድግ የረዳው ሌላው ነገር ፖስታ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1913 ጀምሮ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ጥቅል ዕቃዎችን በርካሽ ዋጋ ወደ መላ አገሪቱ ማድረስ ጀመረ። ወንድሙ ጋይ ቢን የፍሪፖርት ፖስታ ቤት ኃላፊ ነበር፤ የቢን የጫማ ሥራም ከፖስታ ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ስለነበረ፣ ተሰፍቶ ያለቀው ጫማ ደረጃ ወርዶ ወዲያው ጉዞ ይጀምር ነበር። እየቆየ በካታሎጉ ውስጥ ካልሲ፣ ኮት፣ የድንኳንና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ተጨመረ። አብዛኛውን ጽሑፍ የሚጽፈው ቢን ራሱ ሲሆን፣ ብዙዎቹን ዕቃዎች ደን ወስዶ ሳይሞክር አይሸጥም ነበር። በ1937 የድርጅቱ ዓመታዊ ሽያጭ አንድ ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

ሀብቱ ቢጨምርም በ1912 የገባውን ቃል አልተወም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በለጠፈው ማስታወቂያ፣ አንድ ዕቃ ተሸጠ የሚባለው ዕቃው አልቆ ደንበኛውም እስከዚያ ድረስ ረክቶ ከተገኘ ብቻ እንደሆነ አስታወቀ። የጫማው የታች ጎማ ያለቀበት ሰው ቆዳው ገና ጤነኛ ከሆነ መልሶ ይልካል፤ አዲስ ጎማ ይሰፋለታል። በዚህ መንገድ አንድ ጥንድ ቶማያ ሁለትና ሦስት የታች ክፍል እየለወጠ ለረጅም ዓመታት ያገለግላል። በአንድ ወቅት የጫማው ድክመት የነበረው ስፌት፣ ተፈትቶ እንደገና ሊሰፋ መቻሉ የዘላቂነቱ ምሥጢር ሆነ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር ኃይል ለብርድ አገር የሚሆን ጫማ ሲያዘጋጅ ቢንን ወደ ዋሽንግተን ጠርቶ አማከረው። በዚያው ዘመን፣ በ1942፣ ስለ አደን፣ ስለ ዓሣ ማጥመድና በድንኳን ስለ መኖር የሚያስተምር አጭር መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ለጀማሪ የተጻፈ ሲሆን፣ ምን መልበስና ምን መያዝ እንደሚገባ፣ በደን ውስጥ የጠፋ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት በቀላል ቋንቋ ያስረዳል። የሕይወት ታሪኩንም በ1960 ራሱ ጽፎ አሳትሟል።

በ1951 የፍሪፖርቱን ሱቅ በቀን 24 ሰዓት፣ በዓመት 365 ቀን ክፍት አደረገው። ምክንያቱም ወደ ሰሜን ደኖች የሚጓዙ አዳኞች ከተማዋን የሚያልፉት ብዙ ጊዜ በሌሊት በመሆኑ ነው። ከእንቅልፉ እየቀሰቀሱት ከመቸገር ይልቅ በሩን ክፍት መተው ይሻላል ብሎ የበሩን ቁልፍ አስወገደ። በ1954 ደግሞ ለሴቶች የሚሆኑ ዕቃዎች የሚሸጡበት ክፍል ተከፈተ።

ሚስቱ በርታ በ1939 ካረፈች በኋላ በተከታዩ ዓመት ክሌር ቡድሮ የተባለችውን ሴት አግብቶ ኖሯል። በእርጅናው ዘመን ግን ንግዱ እንደ ቀድሞው አልተራመደም። ባለቤቱ በሚያውቀው መንገድ ብቻ መሥራትን ስለመረጠ፣ ሽያጩ ባለበት መርገጥ ጀምሮ ነበር። ሊዮን ቢን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1967 በፍሎሪዳ ግዛት ፖምፓኖ ቢች በተባለች ከተማ በ94 ዓመቱ አረፈ። አመራሩን የተረከበው የልጁ ልጅ ሊዮን ጎርማን ሲሆን፣ ድርጅቱን ከሠላሳ ዓመታት በላይ መርቶ በዓለም የታወቀ አደረገው።

የቢን ቃል ግን ከእርሱ በኋላ ፈተና ገጥሞታል። አንዳንድ ሰዎች ለብዙ ዓመታት የተገለገሉበትን ያረጀ ዕቃ፣ ሌሎችም ከማይታወቅ ሰው በርካሽ የገዙትን እየመለሱ ገንዘብ መጠየቅ በማብዛታቸው፣ ድርጅቱ በፌብሩዋሪ 2018 ያለ ጊዜ ገደብ የነበረውን የመመለስ መብት በአንድ ዓመት ወሰነው። ብዙ ደንበኞች አዘኑ። መተማመን እንደ ስፌት ሁሉ ከሁለት ወገን የሚያያዝ ነገር ነው፤ ሻጩ ያጠበቀውን ገዢው ከላላው ከአንድ መቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ይተረተራል።

የሜይን የአደን ጫማ ዛሬም የሚሰፋው በዚያው በሜይን ግዛት ነው። በየዓመቱ ወደ ድርጅቱ የሚመለሱ ጫማዎች አሁንም አሉ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ የሚመለሱት እንደ 1912ቱ በአንድ ሰሞን ስለ ፈረሱ አይደለም። ለዓመታት ተረግጠው የታች ጎማቸው ስላለቀ፣ ባለቤቶቻቸው አዲስ ጎማ አሰፍተው እንደገና ወደ ረግረጉ ሊወርዱባቸው ስለሚፈልጉ ነው።